በቱቦ የተቀመጡ ፊልሞች

ያን ቀን ማለዳ የመኪና መንዳት አሠልጣኟ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ ለቁርስ ስትሄድ ቅልጥሟን ምንም ነገር አልመታትም። ለሌላ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም። ለእሷ ግን ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ከክፍሏ በር እስከ ምግብ ጠረጴዛው የሚወስደው ኮሪደር ሲሠራም ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ ግድግዳውን ተጠግተው የሚጋደሙት ወፋፍራም የፕላስቲክ ቱቦዎች ግማሹን ይወስዱታል። እሷ ደግሞ ቶሎ የምትነቃ ሰው አይደለችም፤ እግሯ ከአልጋ ይወርዳል እንጂ ዓይኗ ገና እዚያው ተኝቷል። ስለዚህ በየማለዳው ከቱቦዎቹ ጋር ትላተማለች፣ ራሷን ትሰድባለች፣ ከዚያ ነው ቀኑ የሚጀምረው። ዛሬ ግን ሰተት ብላ አለፈች። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ቆም ብላ ዞረች። ኮሪደሩ ተጠርጓል፣ ተወልውሏል፤ ቱቦዎቹ የሉም። የነበሩበት ቦታ ላይ ከሌላው ወለል ነጣ ያለ ረዥም ሰንበር ቀርቷል።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ወንድሟ ወንበር ሳበላት። ጩጬ ነው የምትለው፤ ጢሙ ሸብቶ፣ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ሆኖም ለእሷ ያው ጩጬ ነው፤ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነዋ። ጩጬ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ለማንም ወንበር ስቦ አያውቅም። ሚስቱም ሁልጊዜ ለባሏ የምታደርገውን ትልቁን እንቁላል ለአሠልጣኟ አደረገችላትና ቀና ሳትል ሻይ መቅዳት ጀመረች። ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ ሊፈስ ሲል ነው እጇን የመለሰችው። አሠልጣኟ በዚህ ቤት ታማ በተኛችባቸው ቀናት እንኳ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ደርሷት አያውቅም።

«ኮሪደሩ ሰፋ አይደል፣ እትዬ?» አለ ጩጬ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ቱቦዎቼስ?»

«እነሱማ... ትናንት ማታ አንቺ ሳትመጪ የማድ ቤቱን ፍሳሽ ሊሠራ ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ነበር። ቱቦ ተወደደ፣ ጠፋ እያለ ሲያማርር ጊዜ ውሰዳቸው አልኩት። ዝም ብለው ተጋድመው ነበር እኮ። ባዶ መስለውኝ።»

ባዶ መስለውኝ! እያንዳንዱ ቱቦ ግራና ቀኙ በክዳን ተደፍኗል። ክዳኑ ላይ ደግሞ በጥፍር ቀለም ምልክት አለ፤ ቀዩ የፍቅር፣ ጥቁሩ የግድያ፣ አረንጓዴው የፈረሰኞች፣ ወርቃማው ደግሞ የት እንደሚመደቡ ላልታወቁት። ባዶ ቱቦ ከድኖ የጥፍር ቀለም የሚቀባ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ውስጣቸው የነበረው የፊልም ፖስተር ነው፤ ድሮ ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ዓይነት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ የተጠቀለለ። መጀመሪያ አልጋዋ ሥር ነበር የምታስቀምጣቸው። አይጥ የአንዷን ተዋናይት ፊት እስከ አፍንጫዋ ከበላባት በኋላ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ቱቦ አስቆርጣ ገዛች። አይጥ አይገባበትም፣ ውኃ አይገባበትም፣ ፀሐይ አይገባበትም። ወንድም ይገባበታል ብላ ግን አላሰበችም።

ሠላሳ ዓመት ገደማ የለቀመቻቸው ናቸው። ከተዘጉ ሲኒማ ቤቶች መጋዘን፣ ከፀጉር አስተካካይ ቤት ግድግዳ፣ ከጋራዥ፣ ከሰው ቁም ሳጥን ጀርባ። አንዱን ከዳቦ ቤት በር ላይ በእርጥብ ጨርቅ እያረጠበች፣ በጥፍሯ እየፋቀች፣ ሙሉ እሑድ ፈጅታ ነው ያወረደችው፤ ዳቦ ጋጋሪው እብድ መስላው ወንበር አውጥቶ ሲያያት ዋለ። ገንዘብ በሌላት ጊዜ ደግሞ በሙያዋ ትለውጣለች። አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና መንዳት አስተምሬሃለሁ፣ ያንን ከመስታወትህ ጀርባ ያለውን ስጠኝ ትላለች፤ ሰዎቹም ደስ እያላቸው ይሰጧታል። በዚህ ከተማ ውስጥ በፖስተር የተከፈለ መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚነዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክ ተቀብላ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ዝግ ነው። ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቀች፤ ጩጬ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ መሆኑን ነገራት። የወንድሟ ሚስት የቀዘቀዘ ሻይዋን እፍ እያለች ነበር።

«ይቅርታ እትዬ። እተካልሻለሁ» አለ ጩጬ።

«ምኑን?»

ጩጬ ትንሽ አሰበ። «ቱቦውን» አለ።

አሠልጣኟ ትልቁን እንቁላል ትታ ተነሣች።

ከግቢው በር ውጭ ሲስተር ቆመው ይጠብቋታል። ሲስተር ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ መኪና መንዳት ካልተማርኩ ብለው የተነሡ ሴት ናቸው። የሰፈሩን ሰው ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲሄዱ ጢማም ሰውዬ ሁሉ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣቸዋል። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ያልተንቀጠቀጡት እጆቻቸው ግን መሪ ሲጨብጡ ይንቀጠቀጣሉ። አደባባይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ነገ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አላቸው፤ ለዛሬ የተያዘው ትምህርት ወደ ኋላ ነድቶ ማቆም ነበር። አሠልጣኟ የማሠልጠኛዋን አሮጌ መኪና ቁልፍ ሰጥታቸው በረዳት ወንበሩ ገባችና እግሯን በትርፍ ፍሬኑ ላይ አደረገች። መሪውን ነጥቃ ራሷ ብትበር ደስ ባላት፤ ግን የተማሪ ሰዓት በልታ አታውቅም፣ ደግሞም ዛሬ የማን እጅ የበለጠ እንደሚንቀጠቀጥ እርግጠኛ አልነበረችም።

«ሲስተር፣ ዛሬ ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም። ወደ ፊት ነው። ሰው እየፈለግን ነው።»

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ደም የለውም።»

እየሄዱ ነገረቻቸው። ሲስተር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲሆኑ ጎበዝ አድማጭ ናቸው። መጨረሻ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ልጅ እንደጠፋበት ሰው ሆነሽ እኮ ነው» አሉ።

«ልጅ አይደለም ሲስተር፤ ፖስተር ነው። ለፖስተር መናደድ አይቻልም እንዴ? የግድ ልጅ መሆን አለበት?»

«ወንድምሽ ግን እንዴት...»

«ባዶ መስሎት ነው።» ይህን ያለችው ቶሎ ብላ ነው፤ ሲስተር የጀመሩትን እንዳይጨርሱ። «ማርሽ ይቀይሩ።»

የቧንቧ ሠራተኛው ሱቅ ተቆልፏል። ከጎኑ ያለው ባለ ሱቅ አዲሱ ክሊኒክ የሚሠራበት ቦታ ላይ እንደሆነ፣ ማለዳ ጋሪ ሙሉ ቱቦ አስገፍቶ እንደሄደ፣ ስልኩም ባትሪ ከጨረሰ ሁለት ቀኑ እንደሆነ አከታትሎ ነገራቸው። ክሊኒኩን ሲስተር ያውቁታል። በቦታው የነበረው፣ የፈረሰው የድሮው ክሊኒክ የሠሩበት ነው። ከትልቁ አደባባይ ማዶ ነው። አደባባይ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ መኪናዋ ራሷ ፍጥነት የቀነሰች መሰለ።

ጊዜው ከተማው በሙሉ ወደ ሥራ የሚፈስበት ሰዓት ነበር። ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ የቢራ ጠርሙስ የጫነው መኪና፣ ሁሉም ጥሩምባ እየነፋ ይዞራል። አሠልጣኟ በሌላ ቀን ቢሆን ከዳር አስቁማ፣ አስተንፍሳ፣ ስለ ቅድሚያ አሰጣጥ አስረድታ ነበር የምታስገባቸው። ዛሬ የምታየው መጋዝ ብቻ ነው። ቱቦ እንደወረደ አይገጠምም፤ እየተለካ ይቆረጣል።

«ዓይንዎን ይክፈቱ፣ ሲስተር!»

«ከፍቻለሁ!»

«ሁለቱንም!»

ገቡ። አውቶቡሱ ጮኸባቸው። ሲስተርም በመስኮቱ ብቅ ብለው «አንተ ባለጌ፣ እናትህን የማላውቃት መሰለህ?» ብለው ጮኹበት፤ ሹፌሩ በእውነት እናቱን ያውቁ እንደሆነ ሲያሰላስል እሳቸው አለፉ። ከአደባባዩ እንደወጡ ግንባራቸውን ጠርገው፣ ነገሩን ለመርሳት ያህል፣ ፊልሞቹን ሁሉ አይታቸው እንደሆነ ጠየቋት። አንዱንም አላየሁም አለቻቸው። ይህን ለሰው ስትናገር ስለሚስቁባት ብዙ ጊዜ አትናገርም። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ትቆም ነበር። የመግቢያ የላትም። ፖስተሩን እያየች ፊልሙን ራሷ ትሠራዋለች፤ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደሚሞት፣ ባቡሩ ላይ ማን እንደሚደርስ። ዘበኛው እስኪያባርራት አንድ ሙሉ ፊልም ታያለች። ሥራ ይዛ የመጀመሪያ ደሞዟን ስትቀበል ለዓመታት ስትሠራው ለኖረችው ለባለ ቀይ ጃንጥላዋ ሴት ፊልም ትኬት ገዝታ ገባች። ሴትዮዋ ነፍሰ ገዳይ ሆና ተገኘች፤ ጃንጥላዋም ቀይ አልነበረም፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ግማሹ ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ፖስተሩን ትይዛለች እንጂ ፊልሙን አትጠጋም። ሲስተር መሪው እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቁ። እሷም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ሕንፃው ቆሟል እንጂ በርም መስኮትም የለውም። መግቢያው ላይ የአሸዋ ክምር አለ፣ ከክምሩ አጠገብ ስሚንቶ የሚያቦኩ ሠራተኞች። አሠልጣኟ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ወርዳ ሮጠች። ቧንቧ ሠራተኛው ሦስተኛ ፎቅ ነው አሏት። ደረጃው መደገፊያ የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የመጋዙን ድምፅ ሰማች፤ የቀረውን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም።

«ተው! ተው! አቁም!»

ቧንቧ ሠራተኛው ቅንድቡ በፕላስቲክ ብናኝ ነጥቶ፣ አንድ ጉልበቱን ቱቦው ላይ ጭኖ፣ መጋዙ ውስጥ እንደገባ ቀና አለ። ቱቦው ባለ ቀይ ምልክት ነው። ተንበርክካ ክዳኑን ነቀለችና እጇን አስገባች። ወረቀቱ እዚያው ነበር። መጋዙ ወፍራሙን ፕላስቲክ አልፎ ጥቅሉን ነክሶታል። ቀስ ብላ አውጥታ ስትተረትረው በወገቡ ላይ ተመሳሳይ ቁስሎች በአንድ መስመር ተደርድረው ታዩ፤ ሻንጣ የያዘችው ሴት እጅ ላይ አንድ፣ ባቡሩ ላይ ሁለት፣ ከኋላ የቆመው ሰውዬ ደረት ላይ አንድ። ከሥሩ የተደረቡትም እንደዚያው።

«ምነው እትዬ? ሰጥተውኝ ነው እኮ፤ ሰርቄ አይደለም» አለ ቧንቧ ሠራተኛው ደንግጦ።

«አውቃለሁ። ወንድሜ ባዶ መስሎት ነው የሰጠህ።»

ሰውየው መጋዙን አውጥቶ መሬት አስቀመጠው። ፊቷን አየ፤ ዝም ማለት እንደሚሻለው ገብቶት ነበር፣ ግን ሌባ መባሉን ፈራ። «ባዶ እንኳ አልመሰላቸውም» አለ። «ሳነሣው ከበደኝና እዚያው ኮሪደሩ ላይ አንዱን ከፈትኩት። ጋሼ፣ ወረቀት አለበት፣ ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱን ጣለው፣ ቱቦውን ውሰድ አሉኝ። ባለቤታቸውም እዚያው ነበሩ።»

አሠልጣኟ የተነከሰውን ጥቅል መልሳ ጠቀለለችው። ከማለዳ ጀምሮ ይህንን ነገር ስትሸሽ ነበር የዋለችው፤ ለሲስተር «ባዶ መስሎት ነው» ስትል፣ ደረጃውን ስትወጣ፣ አሁን እንኳ ለዚህ ለማታውቀው ሰው ስትመልስ። ከፖስተሮቹ ይልቅ ያችን «ባዶ መስሎት ነው» የምትለውን ቃል ነበር ይዛ የመጣችው። ሰው ዕቃ ቢያበላሽ ይቅር ይባላል፤ ጩጬ ግን ወንበር ስቦላት፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ ዓይኗን እያየ ነው የዋሻት።  ለቅሶ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው ቁጣ ነው።

«የከፈትካቸው ስንት ናቸው? ወረቀቱስ?»

«ሁለት ነው የከፈትኩት፤ አንዱ ያ እናንተ ቤት የከፈትኩት ነው። የቀሩትን ስቆርጣቸው ወረቀቱ ይወጣል ብዬ ነው። ወረቀቱን ልጥለው ስል ቀለም ቀቢዎቹ ፈለጉት...» በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ።

አራተኛው ፎቅ ላይ ቀለም ቀቢዎቹ አዲስ የተነጠፈው ወለል ቀለም እንዳይነካው ፖስተሮቹን ዘርግተውበታል። የአንዱ ፈረሰኛ ፊት የባልዲ ቂጥ ክብ ምልክት አርፎበታል። አንዷ ተዋናይት ከአንገቷ በላይ በነጭ ቀለም ተሸፍናለች። ሰዎቹ ላያቸው ላይ ቆመው ጣሪያውን እየቀቡ ይዘፍናሉ። «እግራችሁን አንሡ» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም፤ ሁሉም ግን አነሡ። አንዱ ባልዲውን እንደታቀፈ ቀረ። ተንበርክካ አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች፤ ያልደረቀውን ቀለም በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ ያልተነካውን ለብቻ፣ የተነካውን ለብቻ፣ ምንም ተስፋ የሌለውንም ለብቻ። ተስፋ የሌለውንም አልጣለችውም። ሲስተር እያለከለኩ ደረሱ። ምንም ሳይጠይቁ የትከሻቸውን ሰፊ ሻርፕ ገፍፈው ወለሉ ላይ ዘረጉና ጥቅሎቹን ደርድረው፣ ጫፉን አጥፈው፣ አጥብቀው ሸበቡት። «እኔ ስንቱን ጠቅልያለሁ» አሉ።

ቧንቧ ሠራተኛው የቀሩትን ቱቦዎች ራሱ በትከሻው ተሸክሞ ሊያወርድላት ተነሣ። እሷ ግን አልፈለገችም። «ቱቦው የሰጡህ ነው፤ ሥራህን ሥራበት» አለችው። «እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው።» ሰውየው ግራ ገብቶት ክዳኖቹን እየነቀለ አቀበላት። በምን ልታስቀምጣቸው እንደሆነ ጠየቃት። ከእንግዲህ አላስቀምጣቸውም አለችው። ይህንን እስክትናገር ድረስ እሷም እንደወሰነች አላወቀችም ነበር።

ወርደው ሲመጡ መኪናዋ አሸዋ በጫኑ ሁለት መኪናዎች መካከል፣ ፊቷን ወደ መውጫው መልሳ፣ ልክ በመስመር እንደተለካ ቆማለች። አሠልጣኟ ያለችበትን ረስታ ዞር ዞር አለች። «ማን ነው ያቆማት?» አለች።

«ማን ያቁማት? አንቺ ጥለሽኝ ሮጥሽ። አሸዋ የጫነው መጣና ጮኸብኝ፤ ጮህኩበትና ወደ ኋላ ነድቼ አቆምኩ» አሉ ሲስተር። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ገባቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

በመመለሻው ሲስተር አደባባዩን ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው ዞሩ። ቤቱ ጋ ሲደርሱ ነው «ምን ልታደርጊ ነው?» ያሏት፤ አሠልጣኟም ሚስማር ልገዛ ነው አለች። ሲስተር የፈለጉት መልስ ሌላ ነበር፤ ሆኖም ጥቅሉን አቅፈው እስከ በሩ አደረሱላትና ለነገው ፈተና ምርቃት ጠይቀው ሄዱ። የቀሩትን የከሰዓት ተማሪዎች ለሌላ አሠልጣኝ አስተላልፋ፣ መዶሻ ከጎረቤት ተውሳ፣ ኪሎው ምን ያህል እንደጨመረ ከባለ ሱቁ ጋር ተጨቃጭቃ ሚስማር ገዝታ ገባች።

የቤቱ ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ የሚያየው ሰፊ ክፍል፣ የእንግዳ ሳሎን ነው። እንግዳ ግን እምብዛም አይመጣም። ሶፋዎቹ ከተገዙ ጀምሮ ላስቲካቸው አልተነሣም፤ መጋረጃው አይከፈትም፤ በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የወንድሟ ሚስት ወገብ ላይ ነው። ክፍሉ ድሮ የአሠልጣኟ መኝታ ነበር። አባታቸው ቤቱን ለሁለቱም እኩል ነው የተዉላቸው። ጩጬ ሲያገባ ለሙሽሮች ይመቻል ተብሎ ለቀቀች። ልጆች ሲወለዱ ደግሞ ከመካከለኛው ክፍል በጓሮ በኩል ወዳለው ክፍል ተዛወረች። ልጆቹ አድገው፣ ትዳር ይዘው፣ ከቤት ከወጡም በኋላ ማንም ተመለሺ አላላትም። በእያንዳንዱ ጊዜ «ላንቺ ለአንድ ሰው ምን ያደርግልሻል?» ይባላል፤ እሷም እውነት ነው ትላለች። ነገሩ ፍቅር ይመስላት ነበር፤ የታላቅነት፣ የሆደ ሰፊነት። ዛሬ ስታስበው የቀራት አንድ ጠባብ ኮሪደር ነበር፤ እሱንም ጠርገው ወለወሉት።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለቻት የወንድሟን ሚስት።

ሴትየዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።  ከዚያ ቁልፉን ፈትታ ሰጠቻት፣ እጇን ግን ቶሎ አልለቀቀቻትም። «እትዬ... ትናንት ጣለው ሲለው እዚያው ነበርኩ» አለች። «አይሆንም ልል አስቤ ነበር። ዝም አልኩ።»

«ገብቶኝ ነበር። ልቤ ነው እንቢ ያለው።»

 ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት እንዲህ ኖረዋል፤ ጨው አቀብይኝ፣ በሩን ዝጊው ብቻ እየተባባሉ። ሶፋውን ለመግፋት አሠልጣኟ ስትታገል ግን የወንድሟ ሚስት መጥታ በሌላው ጫፍ ያዘች። ላስቲኩ ይንጫጫል። መጋረጃውን ከፈቱት። መሰላሉን ከጓሮ ያመጣችው ሚስትየዋ ናት፤ አምጥታ ካቆመችው በኋላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ጩጬ ከሥራ ሲመጣ ከመንገድ ላይ ነው ያየው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ግድግዳው ላይ ሽጉጥ የደገነ ሰውዬ፣ የሚያለቅሱ ሴቶች፣ የባልዲ ክብ ምልክት ፊቱ ላይ ያረፈበት ፈረሰኛ፣ አንዱ ከአንዱ ተጠጋግተው። ሁለት አላፊ አግዳሚዎች ቆመው ይመለከታሉ። ተንደርድሮ ገባ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፖስተር ነው።» አሠልጣኟ መሰላሉ ላይ ነበረች፤ ሚስማር በከንፈሯ ይዛለች።

«እትዬ፣ አልኩሽ እኮ፤ እኔ ባዶ...»

ሚስማሩን ከአፏ አወጣችው። «ጩጬ። ሰውየው ወረቀት አለበት ብሎ ጠይቆሃል። አንተ ጣለው ብለሃል። ድጋሚ እንዳትዋሸኝ። ከፖስተሩ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።»

ጩጬ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ላስቲኩ ጮኸ። ከረባቱን ላላ አደረገ። ጫማውን እያየ የልጅነቱ ድምፅ በሚመስል ድምፅ «አፈርኩብሽ» አለ። «አፈርኩ፣ ምን ላድርግ? አለቃዬ እዚህ የመጣ ቀን ኮሪደሩን አይቶ ቤታችሁ ገና እየተሠራ ነው እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ቤቱ አላለቀም ወይ ይለኛል። ምን ልበለው? እህቴ የማታየውን ፊልም ወረቀት ትሰበስባለች ልበለው?»

ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። ቁጣዋም አብሮ ሊዋጥባት ነበር፣ እሱን ግን ያዘችው። ሁልጊዜ የሚያሸንፋት በዚህ ነው፤ ሲያሳዝናት። «አዎ፣ እንደዚያ በለው» አለች። «እህቴ መኪና መንዳት ታስተምራለች፣ የድሮ ፖስተር ትሰበስባለች በለው። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። አሁን ስማኝ። ይሄ ክፍል የኔ ነበር፤ ለቀቅኩልህ። መካከለኛውን ለቀቅኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴ ነኝ የለቀቅኩት። ከዛሬ ጀምሮ ግን አልለቅም። አልጋዬን ነገ እዚህ አመጣዋለሁ። እነዚህ ከግድግዳው አይወርዱም።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።»

 ከማድ ቤት ቢላዋው ሽንኩርቱን ሲከትፍ ይሰማል፤ ከዚያ ቆመ። አሠልጣኟ ወርዳ የመጨረሻውን አነሣች፤ መጋዝ የነከሰውን፣ ባለ ሻንጣዋን ሴት። ቁስሎቹን ከጀርባ በቀጭን ወረቀት ለጥፋቸዋለች፤ ከፊት ግን ይታያሉ፤ ልትደብቃቸውም አልፈለገችም። መሰላሉ አንዱ እግሩ ስለሚያነክስ ወለሉ ላይ ይወዛወዛል። ሁለት ደረጃ ወጥታ ተንገዳገደች።

«ያዝልኝ» አለች።

ጩጬ ተነሣ። መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ በሌላ ሰው ቤት ሥራ እንደታዘዘ ሰው። እሷ የላይኛውን ጫፍ አስተካክላ አንዱን ሚስማር መታች፤ ወደ ሌላው ጫፍ ተንጠራርታ ሁለተኛውን መታች። ከግድግዳው ትንሽ የኖራ ብናኝ ወረደ፤ ጫማው ላይ አረፈ፤ አላራገፈውም።

«ቀጥ ብሏል?» አለችው።

«ብሏል።»

«ሳታይ ነው የመለስክልኝ። ቀና ብለህ እይና ንገረኝ።»

ቀና አለ። መጀመሪያ የእህቱን እግር አየ፣ ከዚያ ቀለም የነካውን የቀሚሷን ጫፍ፣ ከዚያ ባቡሩን፣ ሴትየዋን፣ የተሰነጠቀ እጇን፣ ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ እሷ አላወቀችም፤ መዶሻውን እንደያዘች ጠበቀችው።

«በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል» አለ።

ወደ ኋላዋ ሳብ ብላ አየችው። እውነቱን ነበር። ሚስማሩን ነቀለችው።